ስለዚያች ፎቶ

ይህ ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንድ ፎቶ ላይ ታግ ተደርጌ ያያችሁኝ ብዙ ናችሁ። ጥቁር ሳህን ላይ ጥሬ ዓሣ፣ ከጎኑ እኔ በተበደርኩት ኮት፣ ከኋላዬ በመስታወቱ የናይሮቢ ፎቆች መብራት። ፎቶው በተለጠፈ በሁለት ሰዓት ውስጥ ምን እንደደረሰኝ ልንገራችሁ። ባሕር ዳር ያለች የአክስቴ ልጅ ደውላ «እንኳን አለፈልህ!» አለችኝና፣ አስከትላ የሦስት ወር የቤት ኪራይ እንዳለባት ነገረችኝ። ካኩማ ያለ ወዳጄ «ፕሮሰስህ አለቀ እንዴ? ሳትሰናበተን ልትበር ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። እነዚህን ሳቅሁባቸው። ሦስተኛው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ኢስሊ ውስጥ አንድ ቡና ቤት «ለእህታችን ኦፕሬሽን ያዋጣነው ገንዘብ ሱሺ ሆነ» ተብሎ ተሳቀ አሉኝ። ማን እንዳለው አውቃለሁ፤ ስሙን አልጠራም። እሱም 500 ሽልንግ አዋጥቷልና የመጠየቅ መብት አለው። የከፋኝ ሳይጠይቀኝ መሳቁ ነው።

ስለ ገንዘቡ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ እራቱን ልንገራችሁ።

ፎቶውን የለጠፈው ተማሪዬ ነው። አገር ቤት ሳለሁ ሰባት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምሬአለሁ። ከተማዋን አልጠራትም፤ የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ይህ ልጅ 10ኛ ክፍል እያለ ከመጨረሻው ረድፍ፣ መስኮቱ ሥር ነበር የሚቀመጠው። በውጤቱ ጎበዝ የሚባል አልነበረም፤ ጥያቄ ግን አያልቅበትም። በሱዳን በኩል ወጣ፣ ካርቱም ሁለት ዓመት ከረመ፣ ከዚያ ስፖንሰር አግኝቶ ካናዳ ገባ። እዚያ አንድ የጃፓን ምግብ ቤት ውስጥ በሳህን አጣቢነት ጀምሮ አሁን ዓሣ ቆራጭ ሆኗል። ስደተኛ ሆኖ ወረቀት ያገኘ ሰው ወደ አገሩ ተመልሶ መግባት እንደማይችል ለእናንተ አይነገርም። ስለዚህ እናቱን ወደ ናይሮቢ አስመጣቸው። ከስድስት ዓመት በኋላ መገናኘታቸው ነው። ለሁለት ሳምንት አንድ ክፍል ተከራይተው ተቀመጡ፤ በሦስተኛው ቀን ልጁ ደወለልኝ።

«ቲቸር፣ ዓርብ እራት ልጋብዝዎት።»

ከኋላ የእናቱ ድምፅ ተሰማኝ፦ «ዓርብ ጾም ነው!»

ሐሙስ ሆነ።

ቦታውን ሲነግረኝ ቀልድ መሰለኝ። መሃል ከተማ፣ አንድ ትልቅ ሕንፃ አናት ላይ፣ የጃፓንና የፔሩ ቅልቅል ምግብ ቤት። «አንተ፣ እኔ እኮ ሐበሻ ቤት ጥብስ ብትጋብዘኝ ይበቃኛል» አልኩት። «አይ፣ ምክንያት አለኝ» አለ።

ከኢስሊ በ9 ቁጥር ማታቱ መጥቼ ቶም ምቦያ ላይ ወረድኩና፣ በአርካይቭስ በኩል አቋርጬ በእግሬ ሄድኩ። ይህን መንገድ ስንት ዓመት ተመላልሼበታለሁ፤ ለፎርም፣ ለፎቶኮፒ፣ ለቀጠሮ። ለእራት ግን ሄጄበት አላውቅም። ሕንፃው በር ላይ ፍተሻ አለ። ዘበኛው ከላይ እስከ ታች ካየኝ በኋላ «ዴሊቨሪ ነው?» አለኝ። እንግዳ ነኝ አልኩት። «ኪታምቡሊሾ» አለ። የስደተኛ መታወቂያዬ ጊዜው ካለፈ ወራት ሆኖታል፤ ለእድሳት ማመልከቴን የሚያሳየውን ወረቀት አጣጥፌ ነው የምይዘው። ወረቀቱ ከመታጠፉ ብዛት መሃሉ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ዘበኛው ገልጦ ለረጅም ጊዜ አነበበው። ኋላዬ የቆሙ ሰዎች ሽቶ ይሸተኛል። ሰውየውን አልወቅሰውም። በዚህ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2013 ዌስትጌት፣ በ2019 ዱሲት ላይ የደረሰውን የሚያስታውስ ዘበኛ ቢጠነቀቅ ሥራው ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያኔ ተመልሼ ልሄድ ፈልጌ ነበር። ከዚያ ከጥቂት መንገድ በታች በንጉሣችን ስም የተሰየመ ኃይለ ሥላሴ ጎዳና አለ፤ እኔ ደግሞ እዚህ ቆሜ ሰው መሆኔን በተበጫጨቀ ወረቀት አስረዳለሁ። ልጁ ራሱ በሊፍት ወርዶ «ቲቸር!» ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሲያጎነብስ ዘበኛው ወረቀቴን በሁለት እጁ መለሰልኝ። «ካሪቡ፣ ምዋሊሙ» አለ።

ላይ ስንደርስ እናትየው ነጠላቸውን እንዳጣፉ መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። ሲያቅፉኝ የአገር ቤት ቅቤና ጭስ ሸተተኝ። «ከሳህ» አሉኝ። ሌላ ምንም ሳይሉ።

አስተናጋጁ መጀመሪያ ትኩስ እርጥብ ፎጣ በትንሽ ሳህን አመጣ። እናትየው ፊታቸውን ጠረጉበት። ልጁ «እማዬ፣ ለእጅ ነው» ሲላቸው «ታዲያ ውኃና ማስታጠቢያ የለም?» አሉ። ሲያስቡት ግን ወደዱት። «ሳይበላ እጅ የሚያስታጥብ ሕዝብ ጨዋ ነው» ብለው ፈረዱ። ቀጥሎ በጎድጓዳ ሳህን አረንጓዴ እሸት መጣ፤ ከነቆዳው ተቀቅሎ ጨው የተነሰነሰበት። «ይሄማ እሸት ነው!» ብለው ባቄላ እንደሚፈለፍል ሰው ጀመሩት። የአኩሪ አተር እሸት ነው፤ ጃፓኖቹ ኤዳማሜ ይሉታል። ሜኑው ላይ ዋጋው 900 ሽልንግ ነው። ለእሳቸው አልነገርናቸውም።

ከዚያ ጥሬው ዓሣ መጣ።

«ጥሬ?» አሉ እናትየው።

«እማዬ፣ ቁርጥ ትበያለሽ አይደል? ክትፎ ለብለብ ሳይል ትበያለሽ አይደል?»

«እሱ በሬ ነው። ደግሞ ኮሶውስ?»

ልጁ በሙያው ተነካ መሰለኝ ቁጭ ብሎ አስረዳ። እሱ የሚሠራበት ቤት ዓሣው በጥሬው ከመቅረቡ በፊት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሰባት ቀን ይቀዘቅዛል፤ ትሉ የሚሞተው በዚያ ነው። ቢላዋው የሚሳለው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው። ዓሣው እንደ ሽንኩርት እየተጫኑ አይከተፍም፣ ቢላዋውን ከሥሩ እስከ ጫፉ በአንድ ስበት እየጎተቱ ነው የሚቆርጡት። ሩዙ ሲበስል ኮምጣጤ፣ ስኳርና ጨው ይገባበታል፤ የመጀመሪያውን ዓመት ሩዝ ከማጠብ በቀር ምንም አላስነኩትም ነበር። ስሰማው ገረመኝ። 10ኛ ክፍል አንድ ገጽ ሳይሰለች ያነበበ ልጅ አልነበረም፤ አሁን ስለ ሩዝ ግማሽ ሰዓት ያስተምረኛል።

ሳህኑ ጠርዝ ላይ አረንጓዴ ነገር ነበር። ዋሳቢ ነው። እኔ የአቮካዶ ነገር መስሎኝ በሹካ ጥሩ አድርጌ ዘግኜ ጎረስኩ። ወገኖቼ፣ ሰናፍጭ በአፍንጫ ሲወጣ ታውቃላችሁ? ያ ነው። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እናትየው «ምን ነካብኝ!» ብለው ውኃ አቀበሉኝ፣ ልጁ በሳቅ ፈረሰ፣ ፎቶውንም ያነሳው ያኔ ነው። እናንተ ደስታ ያላችሁት የዓይኔ ብልጭታ ዋሳቢ ነው። በኋላ እንደነገረኝ እውነተኛው ዋሳቢ በቀዝቃዛ ወራጅ ውኃ ዳር የሚበቅል ውድ ሥር ነው፤ በዓለም ላይ አብዛኛው ምግብ ቤት የሚያቀርበው ግን ሌላ የሚያቃጥል ሥርና ሰናፍጭ ተቀላቅሎ አረንጓዴ ቀለም የተጨመረበት ነው። አፍንጫዬ አልተሳሳተም ማለት ነው።

አሁን ምክንያቱን ጠየቅሁት። ለምን የጃፓን ቤት?

«ቲቸር፣ ረስተውታል?» አለ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ስለ ብላቴን ጌታ ኅሩይ አስተምሬአቸው ነበር። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ሄደው፣ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ጻፉ። በዚያ ዘመን የኛ ምሁራን ጃፓንን እንደ ምሳሌ ያዩ ነበር፤ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችንን ተክለ ሐዋርያት ሲያረቅቁት አብነቱ የጃፓን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነበር። ይህን ሁሉ ካስተማርኩ በኋላ «እኔም አንድ ቀን ጃፓንን አያለሁ» አልኩ ይላል። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ደመወዜን ስለሚያውቁ ነው። እኔ ይህን ማለቴን ፈጽሞ አላስታውስም።

«ጃፓን ልወስድዎት አቅም የለኝም» አለኝ። «ምግቡን ግን አውቀዋለሁ።»

ቀና ብዬ መስኮቱን ማየት ነበረብኝ። በዋሳቢው ላሳብበው እችላለሁ።

ያን ቀን ክፍል ውስጥ ያልነገርኳቸው አንድ ነገር ነበር፤ አሁን ነገርኩት። ኅሩይ ያንን መጽሐፍ ከጻፉ በኋላ ጣሊያን መጣ፣ ተሰደዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ውስጥ፣ ንጉሡ በስደት ይኖሩበት በነበረው ቤት ሞቱ። አገራቸው ነፃ ስትወጣ አላዩም። ልጁ ዝም አለ። እናትየው «ነፍስ ይማር» አሉ፤ ትናንት የሞቱ ያህል።

ይህ የጃፓንና የፔሩ ቅልቅል የሚባለውም ነገር ልክ እንደኛው የስደት ታሪክ ነው። አስተናጋጁ ትንሽ ነገረን፣ የቀረውን ቤት ገብቼ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1899 ሳኩራ ማሩ የምትባል መርከብ 790 ጃፓናውያን ወንዶችን ይዛ ፔሩ፣ ካያዎ ወደብ ደረሰች። በአራት ዓመት ውል ለሸንኮራ እርሻ ነው የተቀጠሩት። በሽታው፣ ሥራው፣ የውሉ መፍረስ ብዙዎቹን ጨረሳቸው። የተረፉት ወደ ሊማ ገብተው ፀጉር አስተካካይ ሆኑ፣ ትንንሽ ሱቅና ምግብ ቤት ከፈቱ። የሚያውቁት ቅመም አልነበረም፤ ያገኙት ሎሚና የአገሩ ቃሪያ ነው። የፔሩ ሰው ዓሣን በሎሚ ለሰዓታት ዘፍዝፎ ነበር የሚበላው፤ እነዚህ ደግሞ ዓሣ ገና እንደተቆረጠ የሚበላበት አገር ልጆች ናቸው። ስስ አድርገው ቆርጠው፣ ሎሚና ቃሪያውን በመጨረሻው ደቂቃ አፈሰሱበት። ቲራዲቶ የሚባለው ይህ ነው። እኛም ጠረጴዛ ላይ መጥቶ ነበር፤ እናትየው በመጨረሻ የበሉት ጥሬ ዓሣ እሱ ብቻ ነው፤ ቃሪያው አሳመናቸው። ከአገር የወጡት ጃፓናውያንና ልጆቻቸው ኒኬይ ይባላሉ፣ ምግቡም በስማቸው ተጠራ።

ሁሉም አልጣፈጠላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1940 ሊማ ውስጥ ሕዝብ ተነስቶ ሱቆቻቸውን ዘረፈ። ጦርነቱ ሲመጣ 1,800 ያህሉ ከፔሩ ተይዘው ወደ አሜሪካ ካምፕ ተጋዙ፤ ብዙዎቹ ቴክሳስ ውስጥ ክሪስታል ሲቲ በሚባል ቦታ ታሰሩ፣ ጦርነቱ ካበቃም በኋላ ፔሩ አብዛኞቹን አልቀበልም አለች። በሃምሳ ዓመቱ፣ በ1990፣ የነዚያው ስደተኞች ልጅ ፉጂሞሪ የፔሩ ፕሬዚዳንት ሆነ። እሱ ጥሩ ፕሬዚዳንት ነበር ወይ ብትሉኝ ሌላ ረጅም ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ በወንጀል ተፈርዶበት ታስሮ ነበር። የታሪክ መምህር ነኝና ከጀመርኩ አላቆምም፤ ወደ እራቱ ልመለስ።

ልጁ አንድ ነገር ተናገረ፣ ከራሴ አልወጣ ብሏል። «ስንት ጊዜ ባንኮኒው ጀርባ ቆሜ ቆርጫለሁ፤ ከባንኮኒው በዚህ በኩል ስቀመጥ ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።» እኔ እሱ የለመደው መስሎኝ ስሸማቀቅ ነበር ያመሸሁት። ለካ ሦስታችንም እኩል እንግዶች ነን።

እናትየው በቾፕስቲኩ አልሆነላቸውም። ትተውት በእጃቸው አንድ የሱሺ ጉርሻ አነሱና ለእኔ ዘረጉ። አጠገባችን ያሉት ሰዎች ዞረው አዩን። ጎረስኩ። ሁለተኛውንም ጎረስኩ፤ አንድ ጉርሻ እንደሚያጣላ ታውቃላችሁ። ጣፈጠኝ፣ አልደብቃችሁም። ስደተኛ ሁልጊዜ ተሰልፎ ካልታየ፣ ሽሮ ሲበላ ካልሆነ ሌላ ሲበላ ከታየ ሰርቋል ወይም አልፎለታል የሚለውን ሐሳብ ከየት እንዳመጣነው አላውቅም። ለጋሾቹ ናቸው ያስተማሩን እንዳልል፣ እኛው ለእርስ በርሳችን የባሰ ጥብቅ ነን።

ከዚያ እናትየው እጃቸውን በፎጣው ጠርገው ስለ ትምህርት ቤታችን ነገሩኝ። ከተዘጋ ሁለት ዓመት አልፎታል። የኔ ክፍል መስኮት ተነቅሏል፣ ወንበሩም የለም። ታናሹ ልጃቸው በዚህ ዓመት 10ኛ ክፍል መሆን ነበረበት፤ ከ8ኛ አላለፈም። ቀን ቀን ከብት ይጠብቃል፣ ማታ ማታ እናትየው ወደ ጫካ እንዳይሄድባቸው እሱን ይጠብቃሉ።

«መምህር» አሉኝ፣ «እዚህ ሆነህ ማስተማር አትችልም ወይ?»

ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። እዚህ የስደተኛ ልጆችን ታሪክና ጂኦግራፊ አስጠናለሁ፤ ቋሚ ሥራ እንዳልይዝ የሥራ ፈቃዱም የመምህርነት ምዝገባውም አልተሳካልኝም። ስለ ስደተኛ ልጆች የትምህርት መብት ስንት ስብሰባ ላይ ተናግሬአለሁ፣ እዚህ ገጽ ላይም ስንት ጊዜ ጽፌአለሁ። ትቻቸው ስለመጣኋቸው ልጆች ግን ማን ያስተምራቸዋል ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። አልሸሸሁም፣ ተገድጄ ነው የወጣሁት፤ ይህን ደጋግሜ ለራሴ እነግረዋለሁ። እናትየው ግን ለምን ወጣህ አላሉኝም። አትችልም ወይ ነው ያሉኝ።

«በስልክ ድምፅ ልላክለት?» አልኩ።

«ኔትወርክ ሲኖር ኮረብታው ላይ ይወጣል» አሉ።

ሂሳቡ መጣ፤ 21,300 ሽልንግ። ደረሰኙ ላይ 16 በመቶ ቫት፣ 2 በመቶ የቱሪዝም ቀረጥ ተዘርዝሯል። እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ፤ ወግ ነውና። ኤምፔሳዬ ላይ የነበረው 1,150 ሽልንግ ነበር። ልጁ እጄን ያዘኝ፦ «ቲቸር፣ የሁለት ሌሊት ሥራዬ ነው። አያስቡ።» ከሁለት ወር ተኩል በላይ የቤት ኪራይ ድርሻዬ ነው። አሰብኩ እንጂ፤ ላለማሰብ ሌላ ሰው መሆን ነበረብኝ። «አንተ በለኝ፣ አሁን እኩያ ነን» አልኩት። «አይሆንም» አለ።

የተረፈውን አስተናጋጁ በካርቶን አሸገልን። እናትየው ከቦርሳቸው እናቴ የላከችልኝን አንድ ኪሎ በርበሬ አውጥተው ከላዩ ጨመሩበት። በማታቱ ይዤው ገባሁ። የቤት ጓደኞቼ አልተኙም ነበር። አንዱ ሱሺውን ቀምሶ «ሩዙ ቀዝቅዟል» አለና በመጥበሻ ከዘይትና ከእናቴ በርበሬ ጋር አሞቀው። ተማሪዬ ቢያይ ያለቅስ ነበር። ሌላ ቅልቅል ነው፤ አምስት ሆነን ጨረስነው።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ለእህታችን ኦፕሬሽን የተዋጣው 84,300 ሽልንግ ነው። አንድም ቀን እኔ ስልክ ላይ ገብቶ አያውቅም፤ በገንዘብ ያዥዋ ኤምፔሳ ነው ያለው፣ ወጪ የሚሆነውም ሦስታችን ስንስማማ ነው። የሆስፒታሉ ቅድመ ክፍያ 60,000 ተከፍሏል፣ ደረሰኙ አለ። 24,300 ቀሪ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስቴትመንቱና ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ይሆናሉ፤ ያዋጣ ሁሉ፣ ያላዋጣም፣ መጥቶ ያንብብ። ቡና ቤት የሳቅህ ወንድሜ፣ አንተም ና። አጠገቤ ቦታ እይዝልሃለሁ። ለአክስቴ ልጅም በስልክ ነግሬአታለሁ፤ አላለፈልኝም፣ ግን በሚቀጥለው ወር አንድ ነገር እሞክራለሁ።

እናትየው ማክሰኞ ተመለሱ፣ ልጁ ረቡዕ በረረ። እኔ ትናንት ማታ የቤት ጓደኞቼ እስኪተኙ ጠብቄ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ የ9ኛ ክፍል ታሪክ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ቀዳሁ። ካቋረጠበት መጀመር አለበት ብዬ ነው። አሥራ አራት ደቂቃ ነው። ሁለቴ ሳልኩ፣ አንዴ የጎረቤት ሕፃን አለቀሰ፣ አላጠፋሁትም። በቴሌግራም ላክሁለት። እስካሁን አንድ ራይት ብቻ ነው የሚያሳየው።